ከአባቴ ዲኤክስ ምን ቀረ?

በሕግ ዓይን የአባቴ መኪና ማለት ከኮፋኖው ሥር፣ ሞተሩን ከሰው መቀመጫ በሚለየው ላሜራ ላይ ተመትቶ የተጻፈ የሻንሲ ቁጥር ነው። ሌላው ሁሉ ይለወጣል። በር ይለወጣል፣ ወንበር ይለወጣል፤ ሞተርም ቢሆን በወጉ አስመዝግበው ሊብሬው ላይ ካስተካከሉት ይለወጣል። ያቺ መዳፍ የማትሞላ ላሜራ በቦታዋ እስካለች ድረስ መኪናዋ ያቺው ናት፤ ትመረመራለች፣ ቦሎ ይለጠፍላታል፣ ትሸጣለች፣ ትወረሳለች። ላሜራዋ ተቆርጣ ከወጣች ግን የቀረው አካል አንድ ብሎን ባይጎድለውም መዝገብ ላይ የለም።

ሕጉን አልነቅፍም። አንድ ቦታ መቆም ነበረበት፣ ቁጥሩ ላይ ቆመ። የቸገረኝ ከሕጉ ማዶ ያለው ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውን ያመጣብኝ ደግሞ ታናሽ ወንድሜ። እንደ ብዙ የሐዲያና የከምባታ ልጆች ደቡብ አፍሪካ ገብቶ ጆሃንስበርግ አጠገብ ሱቅ ይሠራል። የአባቴን መኪና ሳሳድስ ግማሹን ወጪ የቻለው እሱ ነው። ሥራው አልቆ ፎቶ ስልክለት ወዲያው ደወለ።

"ጋሼ፣ አምራለች። ግን የአባዬ መኪና የቷ ናት?"

"እቺው ናታ።"

"ሞተሩን ሸጠሃል፣ ካምቢዮውን ቀይረሃል፣ ወለሉን ቆርጠህ ጥለሃል። ታዲያ በዚያ ገንዘብ ሌላ ብትገዛ ምን ይለየው ነበር?"

እኔ እዚህ ሆሳዕና የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ለተማሪ ጥያቄ መልስ ሳጣ "ነገ እንመለስበታለን" እላለሁ። ለወንድሜም እንደዚያው አልኩት።

ዲኤክስ የምንለው እ.ኤ.አ. በ1979 ጃፓን ውስጥ መመረት የጀመረው አራተኛው ትውልድ ቶዮታ ኮሮላ ነው፤ ፋብሪካው ኬኢ70 ይለዋል። 4ኬ የሚባለው ሞተሩ 1,290 ሲሲ ነው። ኮምፒውተር የለው፣ ሴንሰር የለው። ካርቡራተር፣ አራት ካንዴላ፣ አንድ መፍቻና አንድ ትዕግሥተኛ ሰው ይበቁታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን እስከ 500 በመቶ ሲያስከፍል፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ሲከለከል፣ እነዚህ ሽማግሌዎች ይባሱን ተፈላጊ ሆኑ። መጣል የማይታሰብ ነገር ሆነዋል።

ተማሪዎቼ ግን የሚወዷት በሌላ ምክንያት ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣት ኤኢ86 የምትባል ስፖርት መኪና አለች፤ በጃፓን የተራራ መንገዶች ላይ ኬይቺ ጹቺያ የሚባለው ሹፌር እያንሸራተተ ያስተዋወቃት፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ደግሞ ኢኒሺያል ዲ የተባለው የሥዕል ታሪክ በዓለም ዙሪያ ዝነኛ ያደረጋት። የዲኤክስ የቅርብ ዘመድ ናት። እንደ ዲኤክስ ሞተሯ ከፊት ሆኖ የሚገፋት የኋላ እግሯ ነው። ስለዚህ ከማሌዥያ እስከ አውስትራሊያ ያሉ ወጣቶች ዘመዷን ኬኢ70ን ገዝተው ሞዲፋይ ያደርጓታል። እኔም ኤኢ86 ባገኝ አልጠላም ነበር፤ ሆሳዕና ላይ ግን አይቼ አላውቅም። ያለችኝ አባቴ የተወልኝ ናት።

አባቴ ጤና ረዳት ነበር። ይህችን ያገለገለች መኪና አዲስ አበባ ገዝቶ በቡታጅራ መንገድ ራሱ ነድቶ አመጣት። ከዚያ በኋላ መኪናዋ የእሱ ብቻ አልነበረችም። አምቡላንስ በማይደርስበት ዘመን ከጃጁራም ይሁን ከፎንቆ ምጥ የጠናባት ሴት ካለች በሌሊት በሩ ይንኳኳል፤ ወላዷን የኋላ ወንበር ላይ አጋድሞ ወደ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ይከንፋል። በግራ በኩል ያለው የኋላ በር ላይ የጡጫ ያህል ጉድጓድ አለ። በአንዱ ሌሊት ወላድ ተሸክመው የመጡ ሰዎች ሲጣደፉ የቃሬዛው እጀታ የመታው ነው። አባቴ አላሠራውም። ለምን እንዳላሠራው ጠይቄው አላውቅም፤ ገንዘብ አጥሮት ይሆናል።

አሁን ወደ እድሳቱ። ወለሉ በዝናብና በጭቃ በስብሶ ከሹፌሩ እግር ሥር አስፋልቱ ይታይ ነበር፤ በአዲስ ላሜራ ተተካ። የፊት መከላከያዎቹ፣ የመብራት ገመዱ፣ የመስተዋቱ ጎማ፣ የጎማው ኩሽኔታ ሁሉ ተለወጡ፤ አብዛኛውን ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ለቅሜ ነው ያመጣሁት። አራት ማርሽ የነበረው ካምቢዮ በአምስት ማርሽ ተተካ። በ4ኬው ቦታ ደግሞ ታላቅ ወንድሙ 5ኬ ገባ፤ 1,486 ሲሲ፣ የዚያው የኬ ቤተሰብ ልጅ ስለሆነ ያለ ብዙ ብየዳ በማረፊያው የሚቀመጥ።

እዚህ ላይ የፊዚክስ መምህርነቴ አላስቀመጠኝም። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሞተር የሚኖረው በሚተነፍሰው አየር ልክ ስለሆነ ጉልበቱም ሩብ ያህል ይቀንሳል። ከ4ኬ ወደ 5ኬ መሄድ የሚጨምረው ደግሞ 15 በመቶ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ወጪ አውጥቼ ከፍታው የወሰደውን እንኳ አላስመለስኩም ማለት ነው! መካኒኩ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ፤ "ቲቸር፣ እሱን ተወው፣ ካርቡራተሩን እናስተካክል" አለ። ለባሕር ዳርቻ አገር የተሠራ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ለሳሳው አየር ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል፣ ሚኒሞው ይንቀጠቀጣል። ቤንዚኑን የምትመጥነውን የነሐስ ቀዳዳ አውጥቶ ባነሰች ቀዳዳ ተካት፤ አንድ ዙር ነድቶ ተመለሰና ካንዴላውን ፈትቶ ጫፉን አሳየኝ። ቡና ዓይነት ቀለም ይዟል። ከዚያ ወዲህ ዳገት ስወጣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ አያቃስትም።

አሮጌው 4ኬ የት ገባ? ዱራሜ። ሞተሩ የነደደበት አንድ ዲኤክስ ያለው ሰው ከእኔ ገዝቶ አሳድሶ ገጠመው፤ ካምቢዮውንም፣ ደህና የነበረውን ማርሚታም አብሮ ወሰደ። አሁን የአባቴ ሞተር የአምበሪቾን ተራራ እያየ ዱራሜ ውስጥ ይሠራል።

እንግዲህ የወንድሜ ጥያቄ የጥንት ጥያቄ ነው። የጥንቱ ጸሐፊ ፕሉታርክ የጻፈው የቴሴዎስ መርከብ አለ፤ አቴናውያን የበሰበሰውን ሳንቃ በአዲስ እየተኩ ያቆዩት፣ ፈላስፎቹም ያው ነው፣ አይደለም እያሉ የተከራከሩበት። ፈላስፋው ቶማስ ሆብስ እ.ኤ.አ. በ1655 ነገሩን አከበደው፤ አንድ ሰው የተጣሉትን አሮጌ ሳንቃዎች ሰብስቦ በቀድሞው ሥርዓት ቢገጥማቸው ከሁለቱ የትኛው ነው መርከቡ? ሆብስ በሐሳቡ የፈጠረውን እኔ በከፊልም ቢሆን በሽያጭ ፈጠርኩት። ቁጥሩ ሆሳዕና አለ፣ ልቡ ዱራሜ።

አንዱ መልስ "ቁሱ ነው" የሚል ነው። የአባቴ እጅ የነካው ብረት ያለበት ቦታ የአባቴ መኪና አለ። ይህ መልስ ለሐዘንተኛ ልብ ደስ ይላል፤ በፊዚክስ ግን አያዋጣም። ቀይ የደም ሴል የሚኖረው 120 ቀን ገደማ ነው። አባቴ በሠርጉ ቀን በደም ሥሩ የነበረው ደም በእኔ ልደት ቀን አልነበረም፤ እናቴ ግን ሌላ ሰው አገባሁ አላለችም። ወደ ታች ስንወርድ ነገሩ ይብሳል። ሁለት ኤሌክትሮኖች ቦታ ቢለዋወጡ በፍጥረት ውስጥ የሚለወጥ አንዳችም ነገር የለም፤ ኤሌክትሮን ጠባሳ የለው፣ ምልክት የለው፣ "ይህ የአባቴ ነው" የሚባልበት መንገድ የለም። ያው የሆነ ነገር ካለ ከቁሱ ውስጥ አይደለም ያለው።

ሌላው መልስ "ቅርጹ ነው" ይላል። ጃፓኖች በኢሴ ያለውን ታላቁን ቤተ መቅደሳቸውን በየ20 ዓመቱ ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታ ላይ በአዲስ እንጨት ያንኑ አስመስለው ሠርተው አሮጌውን ያፈርሱታል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ያደረጉት 62ኛው ነው። ሺህ ዓመት ያለፈው ቤት ነው ይላሉ፣ እንጨቱ ግን ትናንት የተቆረጠ። ይህም ለእኔ መኪና አይሆንም፤ ቅርጽ ብቻ ከሆነማ በአገሩ ያለ ዲኤክስ ሁሉ የአባቴ ነው።

የተሻለውን መልስ ያገኘሁት ጓሯችን ውስጥ ነው። እንሰት። እናቴ ለጋ እንሰት ትቆርጥና ሥሩን መሐሉን ፈልፍላ ፍግ ሞልታ ትቀብረዋለች፤ ከዚያ አንድ ሥር ብዙ ችግኝ ይወጣል። ዘር ተዘርቶ አይደለም፤ ያው ተክል ራሱ ነው የሚቀጥለው። አያቴ የተከለችው ዓይነት ዛሬም ጓሯችን አለ፣ ግን አያቴ የነካችው አንድም ቅጠል የለም። ታዲያ "የአያቴ እንሰት" የሚያሰኘው ምንድን ነው? አንድም ዓመት ሳይቋረጥ አንድ ሰው መቅበሩ፣ አንድ ሰው ማረሙ ነው። ክረምት ሳይዘለል እጅ ለእጅ ተቀባብለውታል።

ይኸው ነው የምለው። አንድን ነገር ያው የሚያደርገው አደራው ነው። የአባቴ መኪና ማለት አባቴ ለእኔ የሰጠኝና ስለ እሱ የምጠየቅበት ነገር ነው። ዱራሜ ያለው ሞተር ጥሩ ሞተር ነው፤ ገዢው ግን ለአባቴ የሚመልሰው የለም፣ ለእኔ ከከፈለ ጨርሷል። ወንድሜ ይህን ስነግረው ጠበቃ ሆነብኝ። "ሌባ ቢወስዳትስ? አደራው ፈረሰ፤ የአባዬ መሆኗ ሊቀር ነው?" ጥሩ ጥያቄ ነው። አይቀርም፤ ምክንያቱም ሌባው ጋ ሆናም ትፈለጋለች። አደራ የሚያበቃው የሚጠይቅ ሲጠፋ እንጂ ጠባቂው ሲከዳ አይደለም። የሚፈልጋት ሰው አጥታ አንድ ጥግ ዝጋ የቀረች ዲኤክስ ግን፣ ምንም ዕቃዋ ባይለወጥ፣ የማንም አይደለችም።

ጉዳዩ ከመኪና ያልፋል፤ ያለፈብኝም አባቴን የቀበርን ጊዜ ነው። ወንጌላውያን ነን፤ የሙታን ትንሣኤን እናምናለን። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት 15ኛው ምዕራፍ ላይ ነገሩን በሚዘራ ቅንጣት ያስረዳል፤ የሚዘራውና የሚበቅለው አካል አንድ ዓይነት አይደለም። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስ ደግሞ የዛሬ 1,600 ዓመት ገደማ ሰዎች ያነሡትን ጥያቄ ሁሉ በየተራ መልሷል፤ የተቆረጠ ጥፍርና ጸጉር ይመለሳል ወይ፣ አውሬ የበላው ሥጋስ ለማን ይሆናል እያሉ። እሱ የቀለጠ ሐውልትን ምሳሌ ያደርጋል፤ አንጥረኛው ያንኑ ናስ መልሶ ሲያፈስሰው የትኛው ቅንጣት ጣት፣ የትኛው ጆሮ እንደነበር ምንም ለውጥ አያመጣም። ለአውግስጢኖስ ቁሱ እንዳይጠፋ ያስፈልጋል፤ እኔ በዚህ ከእሱ እለያለሁ። ናሱ ሌላ ቢሆንም ሠሪው ያንን ሰው ካልረሳው ያ ሰው ነው የሚነሣው። ትንሣኤ ማለት የሚፈልገን አንድ አለ ማለት ነው። እኔ አባቴን በአፈሩ ውስጥ አልፈልገውም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል።

አውግስጢኖስ ከዚህም አልፎ ስለ ማሻሻል ይናገራል። በትንሣኤ ጊዜ ጉድለት ይስተካከላል፣ የከሳው ይሞላል፣ የወፈረው ይመጠናል፤ የሰማዕታት ጠባሳ ግን ይቀራል ይላል። ነውር ስላልሆነ፣ ክብር ስለሆነ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ላሜራ ሠራተኛው ዘንድ ሄጄ የኋላ በሩን ጉድጓድ እንዳይነካው ነገርኩት። የበሩ ታች በስብሶ ስለነበር ተቆርጦ ተቀጠለ፤ ጉድጓዱ ግን ይቅር አልኩ። ሰውየው ስቱኮውን በጥብጦ ይዞ ቆሟል። "ቲቸር፣ ይህን ሳልደፍን ቀለም ብቀባው ሰው የሚሰድበው እኔን ነው።" አስረዳሁት። ቃሬዛውን፣ ሌሊቱን፣ ሴትየዋን። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ "እሺ፣ ግን ማን ቀባው ሲሉህ ስሜን እንዳትጠራ" አለኝ። አልጠራሁም፤ እዚህም አልጠራውም።

ከዚህ በኋላ ሞዲፋይ ማድረግ የት ላይ ይቁም የሚለው ጥያቄ ለእኔ ቀላል ሆነ። ተማሪዎቼ ሞላውን ቆርጠህ ዝቅ አድርጋት፣ ሰፊ ቸርኬ ግጠም፣ ማርሚታውን ክፈተው ይሉኛል። መልኩ እንደሚያምር አልክድም። ነገር ግን ዝቅ ያለች መኪና ውስጥ ጉልበቷን የሚያማት እናቴ አትገባም፤ ወደ ገጠር በሚገባው ኮረኮንች ላይ ደግሞ ሆዷ ይመታል። አባቴ የሰጠኝ ሰው የምትጭን መኪና ነው። ስለዚህ ለመጫን የሚረዳትን ሁሉ ጨመርኩ፤ የሚበልጥ ሞተር፣ አምስተኛ ማርሽ፣ የተሻለ ፍሬን፣ አዲስ ሾክ አብዞርበር። ማን ሊገባባት እንደሚችል የሚለውጥ ማሻሻያ ግን ሌላ መኪና ያደርጋታል፤ የሻንሲው ቁጥር ባይነካም።

በቤተ ክርስቲያን የአባቴ ጓደኛ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። ከእሑድ አምልኮ በኋላ መኪናዋን ዞረው ዞረው አዩዋትና፣ "ልጄ፣ አባትህ ይህችን መኪና በቅጡ አላጠባትም፤ ሰው ግን ጭኖባታል። አንተ እያጠብካት ነው?" አሉኝ። ትንሽ አመመኝ። ወንድሜ ያን ገንዘብ ያገኘው ሱቁ ይዘረፍ ይሆን እያለ በፍርሃት እያደረ ነው፤ በዚያ ብር የስንት ልጅ የትምህርት ቤት ወጪ ይሸፈን ነበር። ከንቱ ነገር ነው የሚለኝ ሰው ቢመጣ ተከራክሬ የማሸንፈው አይመስለኝም። ለሽማግሌው የመለስኩላቸው፣ "ጋሼ፣ ቁልፉ የት እንደሚሰቀል ያውቃሉ፤ እንደ ድሮው ነው" የሚል ብቻ ነው። እውነትም እንደ ድሮው ነው፤ ጎረቤት በሌሊት ያንኳኳል። ዛሬ አምቡላንስ አለ፣ ግን ሁልጊዜ አይደርስም።

የሐዲያ በዓል ለሆነው ለያሆዴ መስቀላ አገር ቤት ሲሞላ ወንድሜ ይመጣል ብለን እየጠበቅን ነው። ራሱ ነድቷት ዱራሜ እንወርዳለን፤ ከፈለገ ያንን ሞተር ሄዶ ይስማው። ለጥያቄው የሰጠሁትን መልስ እስካሁን አልተቀበለም። እኔም አላስገድደውም።

እናንተ ግን፣ ቤታችሁ አሮጌ ዲኤክስ ያላችሁ ሰዎች፣ ልታሳድሱ ካሰባችሁ ከሞተርና ከቀለም በፊት በፍሬኑ ጀምሩ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ሲያረጅ በረጅም ቁልቁለት ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል። ዘይቱን አስቀይሩ፣ ሸራውን አስፈትሹ፣ ያረጁትን የጎማ ቱቦዎች አስወግዱ። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ይህን ስለማያይ አያመሰግናችሁም፤ ቢሆንም መጀመሪያ እሱን አሠሩ።